ሽልማታቸውን የመለሱት ቀልደኛ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 በሕንዷ ሃይደራባድ የሚኖሩ የ83 ዓመት አዛውንት፣ መንግሥት በ2007 የሰጣቸውን «ፓድማ ሽሪ» የተሰኘ ክብር እመልሳለሁ አሉ። ሰውየው ፖለቲከኛ አልነበሩም። ሙጅታባ ሁሴን ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በኡርዱ ቋንቋ ሰው ሲያስቁ የኖሩ ጋዜጠኛ ናቸው።

ቀልድን የጀመሩት በሐዘን ማግሥት ነው። በ1962 «ሲያሳት» በተባለው የሃይደራባድ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ የቀልድ ዓምድ ይጽፍ የነበረው ሻሂድ ሲዲቂ ሞተ። ዓምዱ ባዶ እንዳይቀር ብዕሩ ለወጣቱ ሙጅታባ ተሰጠ። ታላቅ ወንድማቸው መህቡብ ሁሴን ጂጋር ከጋዜጣው መሥራቾች አንዱ ነበሩና ነገሩ የዝምድና ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዝምድና ዓምድ ይገኛል እንጂ አንባቢ አይገኝም።

ሳቁን ለመረዳት ዘመኑን ማወቅ ይጠቅማል። በኒዛሞች ዘመን ኡርዱ በሃይደራባድ የቤተ መንግሥትና የቢሮ ቋንቋ ነበር፤ በኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሳይቀር በኡርዱ ይሰጥ ነበር። በ1948 የሕንድ ጦር ገባ። በ1956 ግዛቲቱ በቋንቋ ተከፋፈለች፤ የሙጅታባ የትውልድ አገር ጉልባርጋም ወደ ማይሶር ሄደች። ሌላው ወንድማቸው ደራሲው ኢብራሂም ጃሊስ ቀድሞ ወደ ፓኪስታን ተሻግሯል። ድንበሩ በአንድ ቤት ልጆች መካከል አለፈ ማለት ነው።

ሙጅታባ ግን ሙሾ አላወረዱም። ከምስጦች ንግሥት ጋር ያደረጉትን «ቃለ ምልልስ» ጻፉ፤ ምስጧ የምትኖረው በቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መጽሐፍ እየበላች ነው። የኡርዱ የመጨረሻ አንባቢም ሌላው ርዕሳቸው ነበር። በቁም ያሉ ወዳጆቻቸውን እያሾፉ የሳሉባቸው ጽሑፎችም አሉ። እዚህ ላይ ነው ትልቅነታቸው፤ ሲያሾፉ ራሳቸውን አይምሩም።

በ1972 ወደ ዴልሂ ሄደው ኡርዱን ለማስፋፋት በተቋቋመው የጉጅራል ኮሚቴ ውስጥ ሠሩ። ኮሚቴው በ1975 ያቀረበው ሪፖርት ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ለቀልደኛ ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ ከየት ይመጣል?

ሽልማቱን እመልሳለሁ ያሉት፣ ከሦስት ጎረቤት አገሮች ለሚመጡ ሙስሊም ላልሆኑ ስደተኞች ዜግነት የሚያቀለው ሕግ በጸደቀበት ወር ነው። ዴሞክራሲው እየፈረሰ ነው፣ ሕዝቡም በፍርሃት ይኖራል ሲሉ ምክንያታቸውን ተናገሩ። ይህን ሲናገሩ አልቀለዱም።

ከአምስት ወር በኋላ፣ ሜይ 27 ቀን 2020፣ እዚያው ሃይደራባድ አረፉ።