ከገል እስከ ቦይኮት

እኛ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላት የምናጠናበት ዘዴ የታወቀ ነው። በደብተሩ ግራ ቃሉ፣ በቀኙ ፍቺው ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ዳዊት መድገም ነው። ፈተናው ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ያልፋል። ታዲያ ያ ሁሉ ሌሊት ምን ዋጋ አለው? በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የቃሉ መክበድ አይደለም፤ ታሪኩን ሳንጠይቅ ፍቺውን ብቻ መውሰዳችን ነው። ለዚህ ማስረጃ ይሆኑን ዘንድ ሁለት ቃላት እንምረጥ።

የመጀመሪያው «ኦስትራሳይዝ» ነው። ደብተራችን «ማግለል» ብሎ ያልፈዋል። ሥሩ ግን «ኦስትራኮን» የሚል የግሪክ ቃል ነው፤ እኛ ገል የምንለው የሸክላ ስባሪ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የአቴና ዜጎች ለከተማችን ያሰጋል ያሉትን ሰው ስም በገል ላይ እየጫሩ ድምፅ ይሰጡ ነበር። የተፈረደበት ሰው ለ10 ዓመት ከአገር ይወጣል፤ ንብረቱ ግን አይወረስበትም።

ሁለተኛው «ቦይኮት» ነው። ይህን ቃል ያልሰማ ተማሪ የለም፤ የሰው ስም መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ካፒቴን ቻርልስ ቦይኮት በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ አውራጃ፣ ሎርድ ኧርን የተባለው ባለርስት ወኪል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 አዝመራ የከፋባቸው ጭሰኞች የመሬቱ ኪራይ በመቶ 25 እንዲቀነስላቸው ጠየቁ። ባለርስቱ ከ10 በላይ አልቀንስም አለ። በመስከረም ወር ቦይኮት የማስለቀቂያ ማስታወቂያ እንዲደርሳቸው አደረገ። ፖለቲከኛው ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል ደግሞ በዚያው ወር ኤኒስ ከተማ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ጭሰኛ የተፈናቀለበትን እርሻ የሚይዝ ሰው ቢኖር በመንገድም በገበያም ሁሉም ይራቀው ብሎ መክሮ ነበር።

ምክሩ በቦይኮት ላይ ተፈጸመ። የቀን ሠራተኞች ማሳውን ጥለው ሄዱ፤ ብረት ሠሪው እምቢ አለ፤ ልብስ አጣቢዋ ቀረች፤ ባለሱቁ አልሸጥም አለ። ሰውዬው በሰው መካከል ብቻውን ቀረ። ሰብሉን ለማንሳት 50 ያህል ፈቃደኞች ከሰሜን መጡ፤ እነሱን ለመጠበቅ ብዙ መቶ ወታደርና ፖሊስ ተሰለፈ። 500 ፓውንድ ለሚገመት ሰብል 10,000 ፓውንድ ያህል ወጣ ይባላል። ቦይኮትም ዓመቱ ሳያልቅ አገሩን ለቆ ሄደ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ቃላት ይገናኛሉ። ጄምስ ሬድፓዝ የተባለው ጋዜጠኛ እንደ ጻፈው፣ እሱና የአካባቢው ቄስ አባ ጆን ኦማሊ ለዚህ አድራጎት ስም ቸገራቸው። «ኦስትራሳይዝ» እንዳይሉት ገበሬው አይገባውም። ቄሱ አሰብ አደረጉና የሰውየውን ስም ራሱን ግስ እናድርገው አሉ። የሊቃውንቱ ገል ቀርቶ ጭሰኛው በሥራው የፈጠረው ቃል ወጣ! በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ ፈረንሳዩም ጀርመኑም ወሰደው።

እኛም አገር ደርሷል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ለጭሰኛው የተሰለፈው የተማሪ ትውልድ ክፍል አንገባም ሲል ድርጊቱን የጠራበት ቃል ራሱ ከሌላ አገር ጭሰኞች የመጣ ነበር። ስንቱ ይህን ያውቅ ነበር ይሆን?

ደግሞስ ይህ መዝገበ ቃላት ያን ያህል ባዕድ ነው እንዴ? «አልኮሆል» የመጣው ከዐረብኛው «አል ኩሕል» ነው፤ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉት ኩል ዘመዱ ነው። የአውሮፓ ጠቢባን ቃሉን መጀመሪያ ለደቀቀ ዱቄት፣ ኋላም ተጣርቶ ለሚወጣ የመጠጥ ፍሬ ነገር አዋሉት። እንግሊዞች ጥሪኝን የሚጠሩበት «ሲቬት» የሚለውም ቃል ከዐረብኛው «ዘባድ» የወረደ ነው፤ የእኛ ነጋዴዎች በቀንድ እየሞሉ ወደ ውጭ ይልኩት የነበረው ዝባድ መሆኑ ነው። ባዕድ ያልነው ቃል ለካ የጎረቤት ልጅ ኖሯል።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ቀላል ነው። በደብተራችን ላይ ከቃሉና ከፍቺው አጠገብ ሦስተኛ ዓምድ እንክፈት፤ በላዩም «ከየት መጣ? ማን አመጣው?» ብለን እንጻፍ። በሌሊት የምናጠናው ቃል ቁጥሩ ያንስ ይሆናል። የተጠናው ግን ከፈተናው በኋላም አብሮን ይቆያል።