ስለ ሲጋር ሦስት የጀማሪ ጥያቄዎች እና ያልጠየቅነው አራተኛው

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ባለፈው ግንቦት እዚህ አትላንታ፣ ክላርክስተን ከተባለው ሰፈር፣ አንድ ወዳጃችን ልጁን አስመርቆ ጓሮው ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ደርሶ ሲመለስ 20 ሲጋር የያዘች የእንጨት ሣጥን አምጥቶ ለእኔ አበረከተልኝ። (አንባቢ ልብ ይበል፤ ሲጋራ አላልኩም። ሲጋራ ተከትፎ በወረቀት የተጠቀለለ ትምባሆ ነው። ሲጋር ግን ውስጡም ልባሱም የትምባሆ ቅጠል ነው።)

ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ ነው። ያደገውም የትምባሆ ጢስ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ቤት ነው። ስለዚህ ሣጥኗን ይዤ ወደ አንድ ታላቃችን ጠጋ አልኩና ሦስት ጥያቄዎች ጠየቅሁት። እንዴት ነው የሚጨሰው? እንዴት ነው የሚቀመጠው? ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ለአጎቴ ጥቂቱን ብወስድለት ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል? እርሱን የመረጥኩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጋሼ በኩባ ካደጉት ልጆቻችን አንዱ ነው። ስሙን እንድጠቅስ ባለመፍቀዱ እዚህም "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

መልሶቹን አግኝቻለሁ። ይሁንና እያንዳንዱ መልስ ወደ አገራችን ታሪክ ስለመራኝ፣ ለአንባብያን ላካፍል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ። (ያለ ሌላ ምልክት የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚጨሰው?

ጋሼ ያስተማረኝ ባጭሩ ይህ ነው። የተዘጋውን ጫፍ በስለት በጥቂቱ ትቆርጣለህ። ብዙ ከቆረጥክ ልባሱ ይተረተራል። በቤንዚን መለኮሻ አታቀጣጥለው፤ ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ይገባል። ክብሪት ወይም ንጹሕ የጋዝ መለኮሻ ይበቃል። ጢሱን ወደ ሳንባ አታስገባ፤ አፍህ ውስጥ ቀምሰህ አውጣው። በደቂቃ አንዴ ብቻ ሳብ አድርግ፤ ከቸኮልክ ይግላል፣ ይመርራልም። ሲያበቃ አትደፍጥጠው፤ ተወው፣ ራሱ ይጠፋል።

እኔም ሞከርኩት። አንዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ። ደግሞም እውነቱን መናገር ያሻል፤ ጢሱ ሳንባ አይግባ እንጂ ሲጋር የአፍና የጉሮሮ ካንሰርን እንደሚያመጣ ሳይንስ ያረጋገጠው ነው። ይህ ጽሑፍ "አጭሱ" ለማለት አልተጻፈም።

ለመሆኑ ያደግኩበት ቤት ትምባሆን ለምን ይጠየፍ ነበር? ለጤና ተብሎ አይደለም። በአገራችን ምእመናን ዘንድ ሲነገር የኖረ አፈ ታሪክ አለ። ትምባሆ የበቀለው በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይላል። አርዮስ የሞተው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትምባሆ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። አውሮፓውያን ሰው ቅጠል ጠቅልሎ ሲያጨስ ያዩት በ1492 ኩባ ውስጥ ነበር። ያዩትም ኮሎምበስ ወደ ደሴቲቱ መሐል የላካቸው ሮድሪጎ ደ ኼሬዝ እና ሉዊስ ደ ቶሬስ ናቸው። (ቶሬስ ዕብራይስጥ፣ አራማይክና ጥቂት ዐረብኛ ስለሚያውቅ በአስተርጓሚነት የተወሰደ ሰው ነበር። ኮሎምበስ እስያ የደረሰ መስሎት ነበርና!) እንግዲህ አፈ ታሪኩ ከእውነተኛው ታሪክ ጋር ባይገጥምም፣ የሚናገረው ቁም ነገር አለ። ትምባሆ በእኛ ዘንድ የሃይማኖት ድንበር ምልክት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ይህ ምልክት ሕግ የሆነው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን (1872-1889) ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ትምባሆን ከለከሉ። የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ ደግሞ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸው ተመዝግቧል። ይህን ያደረጉት በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የአገሪቱን ሕዝብ በአንድ ሃይማኖት ለማሰር በተነሡበት ዘመን ነበር። ይህን ስል አፄ ዮሐንስን ለማውገዝ አይደለም፤ በ1889 መተማ ላይ ለአገራቸው የወደቁ ንጉሥ ናቸው። በጭካኔውም ብቻቸውን አልነበሩም። የኦቶማኑ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 ትምባሆ ያጨሰን በሞት ይቀጣ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሩሲያም የአጫሾች አፍንጫ ይሰነጠቅ ነበር። ይሁን እንጂ የሌላው ማጥፋት የእኛን አያጸዳውም። አፍንጫቸውን ያጡት ሰዎች ስም የት ተጻፈ? የንጉሡን ዐዋጅ እናውቃለን፤ የተቀጡትን ግን አናውቃቸውም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ክልከላው ትምባሆን አላጠፋውም። ጋያው ከቅል እየተሠራ በየገጠሩ ቀጠለ፤ ሱረቱም አልተቋረጠም። ቆይቶም መንግሥት ራሱ ነጋዴ ሆነ። በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመና "ኒያላ" እና "ግስላ" የሚባሉት ሲጋራዎች በአገር ውስጥ ተመርተው ተሸጡ። ድርጅቱ በ2016 እና በ2017 በተደረጉ ሁለት ሽያጮች፣ በድምሩ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ፣ በአብዛኛው የጃፓን ኩባንያ ንብረት ሆኗል። በ2019 ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 1112 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። የዛሬው ክልከላ ምክንያቱ ጤና ነው፤ ቅጣቱም ገንዘብ ነው እንጂ አፍንጫ አይደለም። በ140 ዓመት ውስጥ ቢያንስ ይህን ያህል ተጉዘናል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

ይህኛው ለመሐንዲስ የሚጥም ጥያቄ ነው። የትምባሆ ቅጠል በአካባቢው አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይሰጣል። ለሲጋር የሚመቸው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ፣ ሙቀቱ ደግሞ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚህ በታች ከደረቀ ልባሱ ይሰነጠቃል፣ መዓዛውም ይጠፋል። በጣም ከረጠበ ይሻግታል። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ተደብቆ የኖረ የትምባሆ ጢንዚዛ እንቁላል የመፈልፈል አደጋ አለ። ጢንዚዛው ከተፈለፈለ ሲጋሩን በመርፌ የተወጋ አስመስሎ ይበሳዋል። መድኃኒቱ በደንብ አሽጎ ለሦስት ቀን ያህል ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያ በፍሪጅ በኩል ቀስ በቀስ ወደ ክፍል ሙቀት መመለስ ነው።

ማስቀመጫው ሂዩሚዶር የሚባለው ሣጥን ነው። በተለምዶ ውስጡ በስፔን ሴዳር ይለበጣል። (ስሙ ሴዳር ይሁን እንጂ ዘመዱ ማሆጋኒ ነው።) አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃም ቢሆን እርጥበት የሚያስተካክል ከረጢት ከተጨመረበት ሥራው ይሠራል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የጨው ውሁድ ሲሆን፣ አየሩ ሲደርቅ እርጥበት ይሰጣል፣ ሲረጥብ ይመጥጣል። ሣጥኑን በውኃ የምታረጥብ ከሆነ የተጣራውን እንጂ የቧንቧውን ውኃ አትጠቀም።

የእርጥበት መለኪያህ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የምግብ ጨው ይበቃሃል። በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርገህ እንደ ሊጥ እስኪሆን በጥቂት ውኃ ለውሰው። ከመለኪያው ጋር በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ለግማሽ ቀን ያህል አስቀምጠው። መለኪያው 75 በመቶ ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ልዩነቱን መዝግበህ ያዝ።

አትላንታ በበጋ አየሯ ርጥብ ነው። በክረምት ግን የቤት ማሞቂያው እርጥበቱን ያሟጥጠዋል። አዲስ አበባ ደግሞ በደረቁ ወራት ከሰዓት በኋላ አየሯ ይደርቃል። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች ሲጋር ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ አይጣልም። በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ሩቅ አገር እንዴት ይደርሳል?

የአውሮፕላን ውስጥ አየር እጅግ ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ግፊቱ ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚመጣጠንበት ጊዜ አለ፤ ይህም የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው። እናም ሲጋሩን ከእርጥበት ከረጢት ጋር በጠንካራ ዕቃ አሽጎ በእጅ ሻንጣ መያዝ ነው። ሲደርሱ ቶሎ አለማጨስ፤ ጥቂት ቀናት ማሳረፍ። ለራሱ የሚይዝ መንገደኛ ወደ አሜሪካ ሲመለስ እስከ 100 ሲጋር ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል። የኩባ ሲጋር ግን ከመስከረም 2020 ጀምሮ በሻንጣም ቢሆን እንደገና ተከልክሏል።

የክልከላው ሥር ረጅም ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በየካቲት 1962 በኩባ ላይ ማዕቀብ ጣሉ። ከመፈረማቸው በፊት በነበረው ምሽት የፕሬስ ጸሐፊያቸው ፒየር ሳሊንጀር የኩባ ሲጋር እንዲያፈላልግላቸው ማዘዛቸውን፣ እርሱም 1,200 ይዞ መቅረቡን ሳሊንጀር ራሱ በኋላ ተናግሯል። የተሰደዱት ኩባውያን ግን ማዕቀቡን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ሙያቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ወደ ኒካራጓና ወደ ሆንዱራስ ሄዱ፤ እዚያ አለሙ፣ ጠቀለሉ። ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን በ1964 ማያሚ ላይ ሥራ ጀመረ። እነሆ የእኔም ሣጥን ከዚያ ስደት ፍሬ የመጣ ነው። ስደተኛ የአገሩን ሙያ ጠብቆ ማቆየት እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ጋሼን "እናንተስ ትምባሆ ትለቅሙ ነበር?" አልኩት። ሳቀ። "ትምባሆው ፒናር ዴል ሪዮ ነው። እኛ የነበርነው ደሴቷ ላይ ነው፤ የለቀምነው ግሬፕ ፍሩት ነው" አለኝ። ከዚያ ዝም አለ።

ታሪኩን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ቢኖር ባጭሩ ላስታውስ። በሐምሌ 1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ከ10 ሺህ የሚበልጡ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰለፉ፤ በመጋቢት 1978 ካራማራ ተሰብሮ ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ከድሉ በኋላ ከ1979 ጀምሮ ብዙዎቹ በጦርነቱ አባቶቻቸውን ያጡ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ያረፉት ከ1978 ጀምሮ "የወጣቶች ደሴት" በተባለችው ምድር ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕ ፍሩት እርሻ። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ልጆችም ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

ጋሼ ሲሄድ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ኦጋዴን ቀርቷል። ከዚያ 1991 መጣ። እዚህ ደርግ ወደቀ፣ እዚያ የሶቪየት እርዳታ ተቋርጦ ኩባ ተራበች። የላካቸው መንግሥት የለም፤ የተቀበላቸው መንግሥት የራሱንም ሕዝብ መመገብ አቃተው። አንዳንዱ አገሩ ገባ፤ አንዳንዱ እንደ ጋሼ ከአገር አገር ዞሮ አሜሪካ ደረሰ። እናቱን ዳግመኛ ሲያይ ከአማርኛው ስፓኒሹ ይቀልለው እንደነበር ሲነግረኝ ሣጥኗን በእጁ እያገላበጠ ነበር። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦ "ለቅጠሉ ይህን ያህል ትጠይቃለህ፤ ደግ ነው። እኛን ግን እንዴት ሄዳችሁ፣ እንዴት ኖራችሁ ብሎ የጠየቀን ብዙ ሰው የለም።"

ያልጠየቅነው

መልስ አጣሁ። 20 ዓመት በአንድ ከተማ ስንኖር፣ በለቅሶም በሠርግም ስንገናኝ፣ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

አዲስ አበባ ላይ በ1984 የቆመው የትግላችን ሐውልት የኩባውያኑን መሥዋዕቶች ምስል ይዞ ቆሟል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ጦርነት ምክንያት ባሕር የተሻገሩት ሕፃናት የት ተመዘገቡ? የእኛ ፖለቲካ ደርግን የሚያወግዝና ደርግን የሚናፍቅ ተብሎ ስለተከፈለ፣ እነዚህ ልጆች ከሁለቱም ወገን ሳይቆጠሩ ቀሩ። ለአንዱ የደርግ ቅሪት፣ ለሌላው የድሉ ጌጥ ሆኑ። ልጆች መሆናቸውን ረሳነው። በአፄ ዮሐንስ ዘመን የተቀጡትን ሰዎች ስም እንዳጣነው ሁሉ፣ የእነዚህንም በሕይወት እያሉ ልናጣው ነው። የያኔዎቹን የሚጠይቅ አልተገኘም እንበል፤ የዛሬዎቹ ግን አጠገባችን ቡና እየጠጡ ናቸው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ በስልክ ድምፅ መቅዳት። ፎቶግራፎችንና ከእናቶቻቸው የተጻፉላቸውን ደብዳቤዎች ስካን ማድረግ። ቅጂውን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሦስት ቦታ ማስቀመጥ። በየከተማው ያሉ የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን፣ የታሪክ ምሁሮቻችንም፣ ይህን ሥራ ለነገ ባያሳድሩት መልካም ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ መምህራኖቻቸውና እናቶቻቸው ደግሞ እያለፉ ነው።

እኔ በበኩሌ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጋሼ ጋር በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እንገናኛለን፤ እስካሁን ስድስት ሰዓት ያህል ቀድተናል። ገና የተነጋገርነው ስለ መጀመሪያው ዓመት ነው። ሲጋሮቹ 14 ቀርተዋል፤ እርጥበታቸው 67 በመቶ ላይ ነው።

ቸር ያሰንብተን።

አትላንታ፣ ጆርጂያ