የቅድመ አያት ዱካ በመሬት መዝገብ

በእኛ አገር ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው የልደት መዝገብ አያገኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ቢደነግግም፣ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። የቀደሙት ሰዎች ስም የሰፈረው መሬት ሲይዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲያወርሱ ወይም ለሌላው እማኝ ሲቆሙ ነው።

ጎንደርን እንውሰድ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሰዎች መሬት ሲገበያዩ፣ ውሉ በደብሩ ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭና ገዢ ይጠራሉ፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ ይነገራል፤ እማኞች በተርታ ይሰለፋሉ። ዓመተ ምሕረት ባይኖር እንኳ «በዘመነ ማርቆስ» የሚል ካለ፣ ከአራት ዓመት አንዱ ተለየ ማለት ነው። የንጉሡና የደብሩ አለቃ ስም ሲታከልበት ዘመኑ ይበልጥ ይጠባል። እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ሴቶቹ ናቸው፤ ዜና መዋዕል ያላነሣቸው ወይዛዝርት እዚህ በገዛ ስማቸው ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ።

ብራናው ግን ከአገር ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካከማቿቸው መጻሕፍት፣ ብዙዎቹም ከጎንደር አድባራት የመጡ፣ 350 ያህሉ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። የጎንደሬ ቤተሰብ የመሬት ውል እዚያ መቀመጡ ያንገበግባል። አገር ውስጥ ከቀሩት ደግሞ ከ1966 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታም አለ።

ገጠር ሲወጡ መዝገቡ የሰው አፍ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን ያጠናው የጎጃሙ ደጋ ዳሞት ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። ባለጉዳይ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ይዘረዝራል፤ ተከራካሪው መሐል ላይ አንዷን ቅድመ አያት «ልጁ አይደለችም» ብሎ ሐረጉን ይቆርጣል። ስለዚህ የደረሰን ቆጠራ በሙግት የተፈተነ ነው፤ የተረታው ወገን ሐረግ የተዘነጋበት ጊዜም እንዳለ ማሰብ ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት ቀረ፤ አያት ቆጥሮ መሬት መጠየቅም አበቃ። ለጋብቻ ሲባል ሰባት ቤት መቁጠሩ ቢቆይም፣ እሱ ዝምድናን እንጂ የርስቱን ቦታ አያስታውስም። ሙግቱን በልጅነታቸው ያዩ አዛውንት ዛሬም አሉ። እነሱ ዘንድ የሚሄድ ሰው ስለ ልደት ቀን ከመጠየቅ ይልቅ «ርስታችሁ የት ነበር? በማን በኩል ነበር የምትገቡት?» ቢል፣ የቦታውን፣ የደብሩን፣ ብዙ ጊዜም የአንዲት አያትን ስም ይዞ ይመለሳል።