የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትና የጠቅላይ ግዛት ተማሪዎች

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ አሩሲና ወደ ሲዳሞ የሚያመራው ነባር ጎዳና ቃሊቲን አቋርጦ ያልፋል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ወደነዚህ ጠቅላይ ግዛቶች የተመደቡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመኪና ሲጓዙ የሚያልፉት በዚሁ ነበር። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ማገልገል ግዴታው ሲሆን፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዕጣ የሚቆረጠው በትምህርት ማስረጃው ፈተና ነበር። ፈተናው ከአማርኛ በቀር በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ቋንቋውን ከክፍል ውጭ የማይሰማ የገበሬ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ ሊወድቅ ይችላል። ዩኒቨርሲቲን በስም ብቻ ለሚያውቅ እንዲህ ላለው ልጅ፣ ያንኑ ፈተና በቅርቡ ያለፈ ወጣት ከሰሌዳው ፊት መቆሙ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነበር። ይሁን እንጂ መምህሩ ዓመቱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ በ9ኛ ክፍል ያገኘውን ልጅ እስከ 12ኛ አያደርሰውም። ከአገልግሎቱ ጉድለቶች ሁሉ ይህ ሳይከብድ አይቀርም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ነገሩ ተገለበጠ። 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር እንዲሰማሩ ሲታዘዝ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ዘማቾች ሆኑ። ገበሬውን ፊደል ያስቆጠሩት እነዚህ ልጆች ራሳቸው ገና ለፈተናው የሚያዘጋጃቸው መምህር የሚያሻቸው ነበሩ። ከዘመቻው በኋላ ወደ ትምህርት ገበታቸው ያልተመለሱት ጥቂቶች አልነበሩም።