የሞተር እፎይታ

ገበያ ውላ የመጣች እናት ሸክሟን ስታወርድ ከደረቷ የሚወጣ አንድ ድምፅ አለ፡፡ ቃል አይደለም፤ «እፎይ» ብለን በፊደል የምንጽፈው ትንፋሽ ነው፡፡ ቱርቦ የተገጠመለት የቤንዚን መኪናም ይህን የመሰለ ድምፅ አለው፡፡ ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ ረግጦ፣ ማርሽ ሊቀይር እግሩን ሲያነሣ «ጵሽሽ» ይላል፡፡ ወጣቶች ለዚህች ድምፅ ሲሉ ገንዘባቸውን ያፈስሳሉ፡፡ እኔን የሚገርመኝ ግን ታሪኳ ነው፤ ሞተር «እፎይ» ማለትን እስኪማር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታልና፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የዊንተርቱር ተወላጅ የሆነው ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905፣ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለአንድ ሐሳብ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፡፡ የታዘበው ነገር ቀላል ነበር፡፡ ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ የሚገኘው ኃይል ከፊሉ ትኩስ እንደሆነ በጢስ ማውጫው ወጥቶ ይባክናል፡፡ ይህ ጢስ አንድ መዘውር ቢያሽከረክር፣ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለ ሁለተኛ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ቢያስገባስ? ብዙ አየር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሞተሩ በቁመት ሳያድግ ይጎለብታል፡፡ ሐሳቡ ልክ ነበር፤ የዘመኑ ብረት ግን ያን ሙቀትና ያን ፍጥነት አልቻለውም፡፡ ቡኺ ሃያ ዓመት ያህል ታገለ፡፡ በ1920ዎቹ አጋማሽ ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚግ በተባሉ ሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ የናፍጣ ሞተሮቹ ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 ፈረስ ከፍ ሲል፣ ያ ወጣት ጎልማሳ ሆኖ ነበር፡፡

በዚህ መሐል ጦርነት መጥቶ አውሮፕላንን ወደ ሰማይ አወጣ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ አየሩ ሳሳ፡፡ በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ይዞ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ፤ ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው፡፡ በባሕር ጠለል 350 ፈረስ የነበረው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወረደ፡፡ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሆነ፡፡ ይህን ለመረዳት የደጋ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም፡፡ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው መኪና እዚህ የሚነዳ ሰው ከሞተሩ ጉልበት ጥቂቱን ሳያውቀው ለተራራው ይገብራል፡፡

የዓባይን በረሃ ሽቅብ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ቱርቦ አላቸው፤ ሲያፏጩም እንሰማቸዋለን፡፡ ግን «እፎይ» አይሉም፡፡ ለምን?

መልሱ አንዲት በር ናት፡፡ የቤንዚን ሞተር የሚገዛው በአየር ማስገቢያው ላይ ባለች በር ነው፤ እግር ሲረግጥ ትከፈታለች፣ እግር ሲነሣ ትዘጋለች፡፡ ናፍጣ ሞተር ግን በተለምዶ የሚገዛው በነዳጁ መጠን ስለሆነ መንገዱን የሚዘጋበት በር የለም፡፡ በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌት ኮርቬር ቱርቦ ይዘው ገበያ ሲወጡም ችግሩ አልተሰማም፤ ካርቡራተሩ ከነበሩ ከቱርቦው በፊት ነበርና፡፡ (ቡኺ እነዚህን መኪኖች አላያቸውም፤ በ1959 ዐርፏል፡፡) ነዳጅ በግፊት የሚረጭበት ዘመን ሲመጣ በሯ ወደፊት፣ ሞተሩ አፍ ድረስ ተሻገረች፡፡ ያኔ የታመቀው አየር በቱርቦውና በተዘጋው በር መካከል ታሰረ፡፡ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለው መዘውር ላይ አየሩ ተመልሶ ይወድቅበታል፤ «ት-ት-ት-ት» እያለ ይንተባተባል፤ ዘንጉና ተሸካሚው ይጎዳሉ፡፡ እፎይታው ለዚህ የተፈጠረ መድኃኒት ነው፡፡ ሞላ ያለው ቫልቭ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ከበሩ ማዶ፣ ከሞተሩ ወገን የመጣች ቀጭን ቱቦም በሩ እንደተዘጋ ታሳውቀዋለች፡፡ ሞተሩ አየር አጥቶ ሲስብ ቫልቩ ተስቦ ይከፈታል፤ የታሰረውም ይለቀቃል፡፡

ወዴት ይለቀቃል? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ቫልቭ አስገጥሞ መጣ፡፡ ድምፁ ሰፈሩን ቀሰቀሰ፤ መኪናው ግን መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ይጠፋ ጀመር፡፡ የገጠመለት መካኒክ ካንዴላ ቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፕ ጠረጠረ፣ አስከፈለ፡፡ እኔና ልጁ አንድ እሑድ ኮፈኑን ከፍተን ቆምን፡፡ ቀጭኗ ቱቦ በቦታዋ ነበረች፡፡ ሞላው ከርሮ እንደሆነ መንተባተቡ ይሰማ ነበር፤ አልተሰማም፡፡ ስሱ ሽፋን ተቀዶ እንደሆነም ሽቅብ ሲወጣ ጉልበቱ ያልቅ ነበር፤ አላለቀም፡፡ ጥፋቱ የሒሳብ ነበር፡፡ የዚያ መኪና ኮምፒውተር አየሩን የሚቆጥረው ገና ሲገባ፣ ከቱርቦው በፊት ነው፡፡ የተቆጠረው አየር ሜዳ ላይ ሲፈስስ ነዳጁ ግን በቁጥሩ ልክ ይመጣል፤ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ይታፈናል፡፡ ለዚህ ነው አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ትንፋሹን በቱቦ መልሰው ከቱርቦው ፊት የሚያስገቡት፡፡

ለድምፁ ያለውን ፍቅር አልንቅም፡፡ በ1985 የአውዲ ኳትሮ ኤስ 1 የራሊ መኪና በአውሮፓ ጫካዎች ውስጥ ሲጮኽ ሕዝብ መንገድ ዳር የቆመው በከፊል ለዚያ ጩኸት ነበር፡፡ በማግስቱ ዓመት ግንቦት ኮርሲካ ላይ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ በላንቺያ መኪናቸው ውስጥ ሞቱ፤ የእነዚያ የግሩፕ ቢ መኪኖች ዘመንም በ1986 ተዘጋ፡፡

መመለሻውን ቱቦ የገጠምነው ከምሳ በፊት ነበር፡፡ መኪናው መብራት ላይ መጥፋቱን ተወ፤ ድምፁም ጠፋ፡፡ ልጁ እጁን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ አሁን ሥራውን መሥራቱን በምን አውቃለሁ?» አለኝ፡፡ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ራዲዮውን አጥፍቶ፣ በግንብ አጥር ጥግ እንዲያልፍ ነገርኩት፡፡ ሄደ፤ ማርሽ ሲቀይርም ጆሮዬን ጣልኩ፡፡ ከውስጥ፣ በጣም ቀጥኖ ተሰማ፡፡