የወንዝ ደለል በፎገራ ሜዳና በጣና ሐይቅ ወለል የሚከማችበት ሂደት

ደለል ማለት ወንዝ ከተራራና ከእርሻ ማሳ ጠርጎ ያመጣውና ፍሰቱ ሲዳከም የሚጥለው አፈርና አሸዋ ነው። በወረታ ከተማ ዙሪያ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በረጅም ዘመን በአብዛኛው በዚሁ ደለል የተገነባ መሬት ነው። ይህ መረጃ የደለሉን አመጣጥና አከማቸት፣ እንዲሁም ከነዋሪው የሚጠበቀውን ጥንቃቄ ያስረዳል።

የደለሉ ምንጭ

ከወረታ በስተሰሜን የሚያልፈው የርብ ወንዝና በስተደቡብ የሚያልፈው የጉማራ ወንዝ የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተዳፋት ነው። የሚገቡበት የጣና ሐይቅ ከፍታ 1,786 ሜትር ያህል ነው። ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰ ማሳ ከባዱ ዝናብ ሲጀምር ገና በሰብል አልተሸፈነም፤ በመሆኑም አፈሩ በቀላሉ ይታጠባል።

አከማቸቱ

ወንዙ ከተዳፋቱ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ከባዱን አስቀድሞ ይጥላል። ኮረትና ሻካራ አሸዋ በሜዳው መግቢያ፣ ደቃቅ አሸዋ በወንዙ ዳርና መግቢያ አፍ ላይ ይቀራል፤ የሸክላ ብናኝ ግን ወደ ሐይቁ ይዘልቃል። በረጋ ውኃ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ 1 ሜትር ለመስጠም 2 ደቂቃ ያህል ሲበቃው፣ የሸክላ ብናኝ ከ3 ቀን በላይ ይፈጅበታል።

በባሕር ጨው ብናኙን እርስ በርሱ ስለሚያጣብቀው ጭቃው ቶሎ ሰጥሞ ከባሕሩ ዳርቻ ቀጥሎ ባለው ጥልቀት የሌለው ወለል ላይ ይከማቻል። ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የታጠበው የዓባይ ደለልም፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 እስኪጠናቀቅ ድረስ፣ በግብፅ ጠረፍ በሜዲትራንያን ባሕር ወለል ላይ ሲከማች ኖሯል። ጣና ግን ጨው አልባና ጥልቀቱ ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ በመሆኑ ብናኙ በቀላሉ አይጣበቅም፤ ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበልም የሰፈረውን መልሶ ያማስለዋል። በክረምት ውኃው የሚደፈርሰው ስለዚህ ነው። ያም ሆኖ የርብና የጉማራ ደለል አብዛኛው ከሐይቁ ሳይወጣ ይቀራል።

ጥቅሙና ጉዳቱ

ደለል ሜዳውን ለሩዝና ለመስኖ አትክልት ምቹ አድርጎታል። ሲበዛ ግን የወንዙን ወለል ከፍ ያደርጋል፤ ወንዙም የሚይዘው ውኃ ስለሚያንስ ከዳሩ ወጥቶ ማሳና መንደር ያጥለቀልቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች የደረሰው ጎርፍ ብዙ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ደለል የመስኖ ቦዮችንና የግድብ ማጠራቀሚያዎችን ይሞላል፤ በክረምት ከጣና ወደ ጉማራ ገባሮች ወጥቶ በጠጠር ላይ የሚራባውን የዓሣ ዝርያም እንቁላል ያፍናል።

ከነዋሪው የሚጠበቅ

1. በተዳፋት መሬት ላይ እርከን መሥራትና በየዓመቱ ከክረምት በፊት መጠገን፤
2. የወንዝ ዳርን እስከ ጠርዙ ድረስ አለማረስ፣ ሣርና ዛፍ እንዲሸፍነው መተው፤
3. በጣና ዳር የሚበቅለውን ደንገል ለባሕር ሸሽ እርሻ ብሎ አለመመንጠር፤ ደንገል የፍሰቱን ፍጥነት ቀንሶ ደለልን ያስቀራል፤
4. ውኃ ለመጥለፍ ወይም አሸዋ ለማውጣት የወንዝ ዳርን አለመቁረጥ፤ የተቆረጠ ዳር የጎርፍ መውጫ ይሆናል፤
5. የመስኖ ቦይ ደለልን በበጋ በጋራ መጥረግ፣ የተጠረገውንም ተመልሶ ከማይገባበት ቦታ መድፋት።

የእርከን አሠራርን በተመለከተ ምክር የሚሻ አርሶ አደር የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ይጠይቅ። የተሰነጠቀ ወይም የተናደ የወንዝ ዳር የተመለከተ ነዋሪ ደግሞ ሳይዘገይ ለቀበሌው አስተዳደር ያሳውቅ። በሜዳው የሚሠራ መከላከያ ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም፤ በላይኛው ተፋሰስ አፈር እስከታጠበ ድረስ የወንዙ ወለል ከፍ ማለቱን ይቀጥላልና። የፎገራ ሜዳ ደኅንነት በጉና ተዳፋት ከሚሠራው እርከን ይጀምራል።