ከእንጨት በርሜል እስከ ቢጫ ጀሪካን

እስቲ «በርሜል» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ምን እንደሚታያችሁ አስቡ። መቼም የአብዛኞቻችን መልስ አንድ ነው፤ ነዳጅ ይዞ አገር የገባ፣ ነዳጁ ሲያልቅ ጓሮ ቆሞ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ የብረት ዕቃ። ስኮትላንዳዊው በቋንቋው በርሜል ሲል የሚታየው ግን ከኦክ እንጨት የተገጣጠመ፣ ሆዱ ነፋ ያለ፣ ውስኪ ለዓመታት የሚተኛበት ዕቃ ነው። ቃሉ እኛ ዘንድ ደርሷል፤ ዕቃው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ታዲያ የእንጨት በርሜል የሌለው ሕዝብ አረቄውን በምን ያቆያል? ጥያቄው የሰካራም ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። የመጠጥ ዕቃ ታሪክ ማን ተረጋግቶ እንደኖረ፣ ማን ደግሞ በየጊዜው ጓዙን ጠቅልሎ እንደተነሳ ይናገራል። የዛሬው ወጋችን ከስኮትላንድ ተነስቶ ፓዌ ላይ የሚያርፈውም ለዚህ ነው።

በርሜል እንዴት ጌታ ሆነ?

የጥንት ሮማውያን ወይናቸውን የሚያጓጉዙት በሸክላ እንስራ ነበር። የእንጨት በርሜልን ያገኙት በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር ይኖሩ ከነበሩት ጎሎች ነው። ሸክላ ይሰበራል፤ በርሜል ግን መሬት ላይ ይንከባለላል፣ መርከብ ላይ ይደረደራል። የተመረጠው ለጉዞ ስለሚመች እንጂ ለጣዕም ተብሎ አልነበረም። ከብዙ ዘመን በኋላ ጠንካራ መጠጥ በበርሜል ተጭኖ መመላለስ ሲጀምር ነጋዴዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሲጫን እንደ ውሃ ነጭ የነበረው መጠጥ ሲራገፍ ወርቃማ ሆኗል፤ ጉሮሮ መቧጠጡም ቀንሷል።

ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። የበርሜሉ ውስጥ በእሳት ሲለበለብ፣ እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን ይፈራርስና ቫኒሊን የሚባለውን መዓዛ ይሰጣል። ከእንጨቱ የሚወጣው ታኒንም የራሱን ጣዕም ይጨምራል። በእንጨቱ በኩል አየር ይገባል፤ መጠጡም ቀስ እያለ ይተናል። በስኮትላንድ በዓመት 2 በመቶ ገደማ የሚሆነው እንዲህ በኖ ይጠፋል። እነሱ ታዲያ በኪሳራቸው እየቀለዱ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

የውስኪ «ሦስት ዓመት» የሚባለው ወግ ራሱ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም የእንግሊዝ መንግሥት በመጠጥ ብዛት ተማረረ፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ያልቆየ ውስኪ እንዳይሸጥ ሕግ አወጣ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ሦስት ሆነ። ዛሬ የጥራት ማረጋገጫ ተደርጎ የሚነገረው ነገር ሲወለድ የጦርነት ጊዜ ፖለቲካ ነበር ማለት ነው።

ሸክላም ያውቅበታል

በርሜል ግን የዓለም ሁሉ ጌታ አልሆነም። የፔሩ ሰዎች ከወይን የሚያወጡትን ፒስኮ ድሮ የሚያቆዩት በሸክላ ጋን ነበር። የዛሬው ደንባቸው ደግሞ ፒስኮ ጣዕሙን በማይለውጥ ዕቃ፣ ለምሳሌ በመስታወት ወይም በማይዝግ ብረት፣ ቢያንስ 3 ወር እንዲያርፍ ያዛል። እንጨት ከነጭራሹ አይፈቀድም። ቻይናውያን የታወቀውን ማኦታይን ጨምሮ ብዙውን አረቄያቸውን የሚያቆዩት በሸክላ ነው። ሸክላ እንደ እንጨት ቀለም አይሰጥም፤ በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ግን ትንሽ አየር ያስገባል፣ መጥፎው ሽታም እየለቀቀ ይሄዳል።

እኔን የሚገርሙኝ የጃፓኗ ኦኪናዋ ሰዎች ናቸው። ከሩዝ የሚያወጡት አዋሞሪ የሚባል አረቄ አላቸው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆይ «ኩሱ» ይሉታል፤ አሮጌ መጠጥ እንደማለት። ጋኖቻቸውን በዕድሜ ይደረድራሉ። ከትልቁ ጋን ሲቀዱ የጎደለውን በሁለተኛው ይሞላሉ፣ የሁለተኛውን ደግሞ በሦስተኛው። በዚህ መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ አረቄ ነበራቸው። ነበራቸው የምለው እ.ኤ.አ. በ1945 በኦኪናዋ ላይ በተደረገው ጦርነት አብዛኛው ስለወደመ ነው። የመቶ ዓመት ጊዜ በጥቂት ወራት ፈሰሰ። ፋብሪካው መልሶ ይሠራል፤ መቶ ዓመት ግን መልሶ አይሠራም።

እኛስ?

አረቄ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «ላብ» ነው። ስሙ ልክ ነው። ጌሾና ብቅል ያለበት ድፍድፍ በሸክላ ይጣዳል፣ አፉ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በቀርከሃ ወይም በመቃ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል። ተራው አረቄ ከ30 በመቶ በላይ አልኮል አለው፤ እንደገና ተጥዶ የሚወጣው ዳግም አረቄ ደግሞ ወደ 45 በመቶ ይጠጋል።

እንጨትን ከመጠጥ ጋር ማዋሃድ አናውቅም ማለት አይደለም። የጠላ እንስራ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ለካ እናቶቻችን የበርሜል ለብላቢውን ሥራ በሌላ መንገድ ይሠሩት ነበር! እንጨቱን ዕቃ በማድረግ ፋንታ ጭሱን ዕቃው ላይ አሳረፉት። ከተቃጠለ እንጨት የሚወጣው መዓዛ ምንጩ አንድ ነው፤ ያው ሊግኒን ነው። ይህ ጥበብ ግን ለጠላ ሆነ እንጂ አረቄን ዓመታት ለማቆየት አልዋለም።

ለምን? አረቄ የምታወጣ ሴት ጊዜ ስለሌላት ነው። እህሉን የገዛችው በብድር ሊሆን ይችላል፤ ማገዶው ተወዷል፤ የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ አለ። ዛሬ የወጣው አረቄ በዚህ ሳምንት ካልተሸጠ የሚቀጥለው ድፍድፍ አይጣድም። አረቄያችን ሳይከርም የሚጠጣው ጠጪው ስለቸኮለ ብቻ ሳይሆን ሻጯ መቸኮል ስላለባት ነው።

ፓዌ

አሁን ወደ መተከል እንሂድ። በ1977ቱ ድርቅ ማግሥት ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐድያ እንዲሁም ከሌሎች አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አንስቶ በበለስ ሸለቆ ፓዌ ላይ አሰፈረ። ወዶ የመጣም ነበር፣ ተገዶ የመጣም ነበር። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ከኖሩበት ተገፉ። ሰፋሪውን ደግሞ ወባ ጠበቀው። መንደሮቹ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው በቁጥር ተጠሩ፤ እስከ ዛሬም በቁጥር የሚጠሩ አሉ። በጣሊያን ገንዘብ የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተርና ሆስፒታል ይዞ መጣ፤ ከመንግሥት ለውጡ ጋር ጣሊያኖቹ ሄዱ።

በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ያን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሰው ጋን አይሸከምም። ሸክላ ረጅም መንገድ አይወድም። ሙያው ግን በጭንቅላት ይጓዛል። ስለዚህ ሴቲቱ ድፍድፍ አጣጣሏን ይዛ መጣች፤ ዕቃውን እዚያው ፈለገች። ከእርዳታና ከሱቅ ዘይት ጋር የመጣው ቢጫ ጀሪካን የሁላችንንም ቤት ሲወርስ የእሷንም ወረሰ። ዛሬ በመላ አገሪቱ አረቄ ከመንደር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ግሮሰሪ የሚሄደው በጀሪካን ነው። አይሰበርም፣ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን ጠንካራ አልኮል ያገኘውን ነገር ሁሉ የሚያሟሟ ነው። ቀድሞ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ፕላስቲክ ውስጥ ሲቆይ የሚያወጣው ቫኒላ አይደለም።

«ታዲያ በርሜል እናስመጣ» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ እናስላው። ሞቃታማ በሆነችው የሕንድ ከተማ ባንጋሎር ውስኪ በበርሜል ሲቆይ በዓመት 10 በመቶ ገደማ ይተናል። ፓዌም ቆላ ነው። በዚሁ ሒሳብ 20 ሊትር አረቄ ከሦስት ዓመት በኋላ 14 ሊትር ተኩል ይሆናል። ለመላእክት ከ5 ሊትር በላይ መስጠት የሚችል ካፒታሊስት ነው እንጂ ልጅ የምታሳድግ ሴት አይደለችም።

«ክልሉ የቀርከሃ አገር አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው። በደቡብ ቻይና አረቄን በቁሙ ባለ ቀርከሃ ውስጥ የሚያቆዩ አሉ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቆላ ቀርከሃ ግን አብዛኛው ውስጡ ድፍን ነው፤ ለአጥርና ለቤት እንጂ ለመያዣ አይሆንም። ባዶው የደጋ ቀርከሃ ነው። ተፈጥሮም አንዳንዴ ታሾፋለች።

የጊዜ ዕቁብ

ፈረንጆቹም ከበርሜል ለማምለጥ እየሞከሩ ነው። በብረት ጋን ውስጥ የተጠበሰ የእንጨት ስባሪ የሚጨምሩ፣ በሙቀት፣ በብርሃንና በድምፅ ሞገድ የዓመታቱን ሥራ በቀናት ለመጨረስ የሚሞክሩ ኩባንያዎች አሉ። ስኮትላንዶች ግን አይሰሙም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኮምፓስ ቦክስ የተባለ ድርጅት በርሜል ውስጥ ተጨማሪ የኦክ ጣውላ ቢሰካ የውስኪ ማኅበራቸው አስቁሞታል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኦኪናዋ መንገድ ይመስለኛል። ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ገንዘብ በዕቁብ ከተጠራቀመ ጊዜስ ለምን አይጠራቀምም? አሥር ሴቶች ከየጥድፋቸው ሊትር ሊትር እየሰጡ አንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ወይም የተፈተሸ ሸክላ ቢሞሉ፣ ማንም ብቻዋን ሳትጎዳ አረቄው ይከርማል። የከረመ አረቄ ደግሞ ስምና ዋጋ ይኖረዋል። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፦ ማቆየት መርዝ አያጠፋም። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው፣ ሜታኖል ሊበዛበት የሚችለው ላብ፣ በወጣበት ቀን ካልተደፋ መቶ ዓመት ቢቀመጥም አይድንም።

ዋናው ችግር ግን ከዕቃ በላይ ነው። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግድያ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። በ1977 እና 78 የተገፋው ጉሙዝ፣ የተጫነው ሰፋሪ፣ ከ35 ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና የሚሸሸው ሁሉ የሚጋራው አንድ ነገር አለ። ለሦስት ዓመት የሚቀመጥ ነገር ዛሬ ጋን ውስጥ ለመጨመር፣ ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው እንደሚገኝ ማመን አለበት። ኦክ ከውጭ ይመጣል፤ ሸክላ ከጓሮ ይገኛል። ያንን እምነት ግን የሚያስመጣ ነጋዴ የለም።

አረቄው እንዲከርም መጀመሪያ ሰው ይክረም።